ላፕቶፓችሁን ከመርገማችሁ በፊት፦ በኮምፒውተር ለምትስሉ

በዲጂታል የሚስል ሰው ኮምፒውተሩን ሳያማ አይውልም። «ቀርፋፋ ነው»፣ «ስታክ ያደርጋል»፣ «ይሄም ዕቃ ተብሎ»። ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ይታወቃል፤ «ጥሩ ማሽን ቢኖረኝ እኮ የት በደረስኩ!» እኔ ግን አብዛኛው ሐሜት ያለ ጥፋቱ የሚወርድበት ይመስለኛል። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ልክ አለው። ልኩን ካወቃችሁለት ዛሬ የጠላችሁት አሮጌ ላፕቶፕ ገና ብዙ ያሠራችኋል፤ ካላወቃችሁለት ደግሞ በስንት መከራ የምትገዙት አዲሱም ትንሽ ቆይቶ ያው ነው።

ይህን የምጽፈው ያገለገለ ላፕቶፕና ስክሪን የሌላት ትንሽ የስዕል ታብሌት (ላፕቶፑ ላይ ተሰክታ በፔን የሚሳልባት ሰሌዳ) ይዛችሁ አዲስ አበባም ሆነ ሌላ ከተማ ተቀምጣችሁ ለምትስሉ ነው። ውድ ማሽን ያላችሁም አንብቡት፣ በተለይ የመብራቱንና የፋይሉን ጉዳይ። መብራት ሲሄድ ውድና ርካሽ አይመርጥም።

መጀመሪያ፣ የሚያዘግመው መቼ ነው?

«ቀርፋፋ ነው» ብቻውን ምንም አይናገርም። መቼ ነው ቀርፋፋ የሚሆነው? ለተወሰነ ቀን ስትስሉ ይህን ብቻ ልብ በሉ።

ሲከፈት ነው የሚያንቀራፍፈው? ዊንዶውስ ተነሥቶ፣ የመሳያ ፕሮግራሙ፣ ክሪታ ወይም ፎቶሾፕ፣ ተከፍቶ፣ ፋይሉ እስኪመጣ ቡና ተፈልቶ ይደርሳል፣ ከዚያ በኋላ ግን ደህና ነው? እንግዲያው ችግሩ ሃርድ ዲስኩ ነው። ውስጡ የሚሽከረከር የድሮ ሃርድ ዲስክ ካለው ወደ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር ወደሌለው ፈጣን ዲስክ) ቀይሩት። ለአሮጌ ላፕቶፕ ከዚህ የሚበልጥ ውለታ የለም። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ መጀመሪያ እዚህ ላይ ይዋል።

ሲከፈት ደህና ሆኖ ሌየር (እንደ ግልጽ ወረቀት አንዱ በአንዱ ላይ የሚደረደረው የሥዕል ንብርብር) እየበዛ ሲሄድ የሚከብድ ከሆነ ራም ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ። ለማረጋገጥ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይመጣል። ፐርፎርማንስ የሚለውን ክፈቱና ሜሞሪውን ከጎን እያያችሁ ሳሉ። ሜሞሪው ጢም ብሎ ሞልቶ ዲስኩም አብሮ 100 ፐርሰንት ከደረሰ፣ ኮምፒውተሩ ራም አልበቃው ብሎ ወደ ዲስክ እየገለበጠ ነው ማለት ነው። ራም ከመግዛታችሁ በፊት ግን ብራውዘሩን ዝጉት። አሥራ ምናምን ታብ ከፍቶ፣ ዩቲዩብ ከጀርባ እያዘፈኑ ስለ ራም ማማረር ግፍ ነው። ለሪፈረንስ የምትፈልጓቸውን ፎቶዎች አውርዳችሁ በአንድ ፋይል ላይ ደርድሯቸውና ብራውዘሩን ተሰናበቱት። ሙዚቃውን ስልካችሁ ይዝፈን።

ግማሽ ሰዓት ያህል ጥሩ ሠርቶ ከዚያ ወዲያ እየደከመ የሚሄድ ከሆነ ሙቀት ነው። ፕሮሰሰር ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ላለማቃጠል ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከላይ ስታዩት ኮምፒውተሩ ያረጀ ይመስላል፤ እሱ ግን የሚተነፍስበት አጥቶ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው። አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ሙቀት ተሸክሞ የመውጣት አቅሙ ያንሳል። ደግነቱ አገሩ ቀዝቃዛ ነው። በበጋ ግን አቧራው ፋኑ ውስጥ ገብቶ እንደ ጨርቅ ይጋገራል። ላፕቶፑን ብርድ ልብስ ወይም ፍራሽ ላይ አስቀምጣችሁ አትሳሉ፤ አየር የሚስበው ከታች ነውና። ከኋላው ሁለት ወፍራም መጽሐፍ ግራና ቀኝ አድርጉለት፣ መካከሉ ክፍት ይሁን። በዓመት አንዴ ደግሞ አስከፍታችሁ አቧራው ይጽዳ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ፔስት ይቀየር። ራሳችሁ የምትነፉት ከሆነ ፋኑን በስንጥር ያዝ አድርጉት፤ በንፋሱ ኃይል ዝም ብሎ እንዲሽከረከር አትልቀቁት።

በማውስ ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ በፔን ሲሆን ብቻ መስመሩ ወደኋላ የሚቀር ከሆነስ? እሱ የኮምፒውተሩ ድካም አይደለም። ሴቲንግ ነው፤ ወረድ ብዬ እመጣበታለሁ።

የካንቫስ ሒሳብ

ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። ብዙ ሰው ኮምፒውተሩን የሚገድለው ገና ፋይል ሲከፍት፣ የካንቫሱን (የመሳያ ገጹን) መጠን ሲጽፍ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በተለመደው ባለ 8 ቢት ቀለም እያንዳንዱ ፒክስል (ሥዕሉ የሚሠራበት ትንሽ ነጥብ) 4 ባይት ይወስዳል፤ ለቀይ፣ ለአረንጓዴ፣ ለሰማያዊና ለግልጽነቱ አንድ አንድ። ኤ4 ወረቀት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 2480 በ3508 ፒክስል ነው። ስታባዙት ወደ 8.7 ሚሊዮን ፒክስል ይመጣል፣ በ4 ሲባዛ ደግሞ 35 ሚሊዮን ባይት ገደማ፤ ማለትም አንድ የተሞላ ሌየር 35 ሜጋባይት አካባቢ ይበላል። 50 ሌየር ካላችሁ 1.7 ጊጋባይት ሆነ። ኤ3 ብታደርጉት እጥፍ ነው። ዲፒአዩን 600 ብታደርጉት አራት እጥፍ ነው፣ ሁለት እጥፍ አይደለም፣ ምክንያቱም በቁመትም በወርድም ነው የሚያድገው። ባለ 16 ቢት ከመረጣችሁ ያ ሁሉ እንደገና እጥፍ ይሆናል። በዚህ ላይ ዊንዶውስ የራሱን ድርሻ ይወስዳል፣ ወደኋላ ለመመለስ የሚቀመጠው ታሪክም የራሱን። 8 ጊጋ ራም እንዴት እንደሚያልቅ አያችሁ?

ባዶ የሆነ የሌየር ክፍል ብዙ አይበላም፤ ክሪታ ለምሳሌ ሥዕሉን በትንንሽ ካሬ ከፋፍሎ የተሳለበትን ብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ዓይንና ቅንድብ ብቻ ያለበት ሌየር አያስጨንቃችሁ። የሚከብደው ከጫፍ ጫፍ የተሞላው ነው፤ ጀርባ፣ ቴክስቸር፣ ጥላ፣ ጉም።

አሁን ደንበኛ መጣና «3 ሜትር በ2 ሜትር ባነር እፈልጋለሁ፣ 300 ዲፒአይ ይሁን» አላችሁ እንበል። ይሄ የሆነ ቦታ የሰማው ቁጥር ነው። በ300 ብትከፍቱት 35,433 በ23,622 ፒክስል ይሆናል፤ አንድ ሌየር ብቻ 3.3 ጊጋባይት! የፎቶሾፕ ፒኤስዲ ፋይል ራሱ በአንድ ጎን ከ30,000 ፒክስል በላይ አይቀበልም። መንገድ ላይ የሚሰቀል ባነር ከሩቅ ነው የሚታየው። 72 ዲፒአይ ብታደርጉት 8,504 በ5,669 ይሆናል፣ አንድ ሌየር 193 ሜጋባይት ገደማ። ያም ራሱ ቀላል አይደለም፣ ግን ይሠራል። ከደንበኛው ጋር አትከራከሩ፤ ማተሚያ ቤቱን በስንት እንደሚቀበል ጠይቁና እሱ ባለው ሂዱ።

ለቴሌግራምና ለኢንስታግራም ብቻ የሚሆን ሥዕልስ? ረጅሙ ጎን 2000 ወይም 2500 ፒክስል ይበቃዋል። «ምናልባት አንድ ቀን ይታተም ይሆናል» ብሎ ሁሉን ነገር በኤ2 መክፈት በሽታ ነው።

እኔ የምመክረው አካሄድ እንዲህ ነው። ሐሳቡን፣ አቀማመጡንና የቀለሙን ድልድል በትንሽ ካንቫስ ላይ ጨርሱ፣ ረጅሙ ጎን 1500 ቢሆን በቂ ነው። በዚህ መጠን የትኛውም ላፕቶፕ ይሮጣል፣ እጃችሁም ይፈታል። ሥዕሉ «ሆነ» ስትሉ መጠኑን አሳድጉና መስመሩንና ዝርዝሩን በላዩ ላይ ሥሩ። የጨረሳችሁትን ሌየር አዋህዱት። ማዋሃድ የሚያስፈራችሁ ከሆነ ከማዋሃዳችሁ በፊት ሌላ ስም ሰጥታችሁ ኮፒውን አስቀምጡ። 80 ሌየር ይዞ መዞር የጥንቃቄ ምልክት አይደለም፤ አለመወሰን ነው።

ከዚያ ፕሮግራሙ ውስጥ ግቡ። ክሪታ ላይ ሴቲንግስ፣ ኮንፊገር ክሪታ፣ ፐርፎርማንስ ስትሉ ምን ያህል ራም እንዲጠቀም መወሰን ይቻላል፤ ሌላ ነገር ከጎን ካልከፈታችሁ ከፍ አድርጉለት። ፎቶሾፕም በፕሪፈረንስ ውስጥ ያው ፐርፎርማንስ የሚል አለው። ወደኋላ የመመለሻ ብዛቱን ቀንሱት። 30 ጊዜ ወደኋላ መመለስ ያልበቃው ሰው ቢያርፍ ይሻለዋል። በጣም ትልቅ ብሩሽ ብቻ ሲሆን የሚጎተት ከሆነ ደግሞ ጀርባውን የምትቀቡበት ተራ፣ ቴክስቸር የሌለው ብሩሽ ያዙ። አንዳንዱ ከኢንተርኔት የወረደ ብሩሽ ያምራል፣ ግን የሚያዘግመው እሱ ራሱ ነው።

ፔኑን ማሟሸት

አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ አይጋገርበትም። ታብሌትም ከካርቶኑ ወጥቶ እንደተሰካ የሚሳልበት አይደለም፤ ብዙ ሰው ግን እንዲያ ያደርግና «እጄ አልለመደውም» እያለ ወራት ይቆያል። እጁ ምንም አልሆነም።

በፊት የሌላ ኩባንያ ታብሌት ከነበራችሁ ድራይቨሩን (ታብሌቱን ከኮምፒውተሩ የሚያግባባውን ፕሮግራም) መጀመሪያ አጥፉት። የዋኮምና የሁዮን ወይም የኤክስፒ ፔን ድራይቨር አንድ ኮምፒውተር ላይ ሲገናኙ ብዙ ጊዜ አይስማሙም። አዲሱን ከኩባንያው ድረ ገጽ አውርዳችሁ ጫኑና ሪስታርት አድርጉ።

ቀጥሎ የታብሌቱና የስክሪኑ ቅርጽ ይስማማ። ትንንሾቹ ታብሌቶች ብዙዎቹ 16 በ10 ናቸው፣ የላፕቶፕ ስክሪን ደግሞ አብዛኛው 16 በ9። ካላስተካከላችሁት ክብ ስትስሉ እንቁላል ይወጣል፣ ሰው ስትስሉ ፊቱ ይሰፋል፣ እናንተም አሳሳላችሁን ትጠራጠራላችሁ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ የሃይላንድ ክዳን ታብሌቱ ላይ አስቀምጡና ዙሪያውን በፔኑ ሳሉ። ስክሪኑ ላይ ድፍን ክብ ካልወጣ ድራይቨሩ ውስጥ ገብታችሁ ፎርስ ፕሮፖርሽን ወይም ያንን የመሰለ ነገር ምረጡ። ሳንቲም አትጠቀሙ፤ ታብሌቱ ፔኑን የሚያገኘው በኤሌክትሮማግኔት መስክ ስለሆነ ብረት ይረብሸዋል። ስልካችሁንም ታብሌቱ ላይ አታስቀምጡ።

ዊንዶውስ ደግሞ ፔን ሲያይ የስዕል ሳይሆን የቢሮ ዕቃ ይመስለዋል። ፔኑን ጫን አድርጋችሁ ስትይዙ ክብ ቀለበት ብቅ የሚል ከሆነ፣ «ቆይቶ መጫን ማለት ራይት ክሊክ ነው» የሚለው ነገር አልጠፋም ማለት ነው። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፔን ኤንድ ተች የሚለው ላይ አጥፉት። አጭር መስመር ስትስሉ የሚጠፋባችሁ ወይም የሚዘገይባችሁ ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። የግፊት ነገር ጨርሶ እምቢ ካለ፣ ማለትም ጫን ስትሉም ቀለል ስትሉም መስመሩ እኩል ከሆነ፣ ዊንዶውስ ኢንክ የሚለውን ተመልከቱ። ክሪታ ቅንብሩ ውስጥ ዊንታብ ወይም ዊንዶውስ ኢንክ ብሎ ያስመርጣል፤ ሁለቱም ፔኑ ከፕሮግራሙ ጋር የሚነጋገርባቸው መንገዶች ናቸው። ድራይቨሩ አንዱን፣ ፕሮግራሙ ሌላውን ይዘው ከሆነ አይግባቡም። ሁለቱም አንድ ዓይነት ይያዙ።

ከዚያ ግፊቱ። እጃችሁ ከባድ ነው ቀላል? እስክሪብቶ ስትይዙ ወረቀቱ በጀርባው ካበጠ እጃችሁ ከባድ ነው፤ ሴቲንጉን ወደ ጠንካራው ውሰዱት። አለበለዚያ ሁሉም መስመር ወፍራም ይሆናል፣ ክንዳችሁም ይታመማል። ሻጮች «8192 የግፊት ደረጃ» እያሉ ያጓጓሉ። እኔ ከ2048 በላይ ያለውን ልዩነት እጅ ለይቶ ያውቀዋል ብዬ አላምንም። የሚለየው በጣም ቀላል ንክኪን ማንበብ መቻሉ ነው። ሱቅ ስትሞክሩ ፔኑን በራሱ ክብደት ብቻ አሳርፋችሁ ጎትቱት፤ መስመር ከሰጠ ጥሩ ነው።

የፔኑ ጫፍ ያልቃል። ሲያልቅ በአንድ በኩል እንደ ምሳር ይሾላል፣ ታብሌቱንም ይቧጭራል። ሳይሾል ቀይሩት። መለዋወጫው ብዙ ጊዜ አብሮ ይመጣል፣ ካርቶኑን ሳትጥሉ በደንብ ፈልጉ። የወረቀት ስሜት ፈልጋችሁ ታብሌቱ ላይ ወረቀት የምትለጥፉ ካላችሁ ጥሩ ነው፣ ግን ጫፉ ቶሎ እንደሚያልቅ እወቁ። ፔኑን ኩባያ ውስጥ በጫፉ አታቁሙት፤ የግፊት መለኪያው ያለው እዚያው ነው።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቃት አንዲት ነገር። ቀጥ ያለ መስመር ቀስ ብላችሁ ስትስሉ እንደ ትል የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉና በባትሪ ብቻ ሳሉ። ቀጥ ካለ ችግሩ ከኤሌክትሪኩ ነው። ብዙ ቤት ሶኬቱ ግራውንድ የለውም፣ ወይም ባለ ሦስት እግሩን ቻርጀር በባለ ሁለት እግር ማገናኛ ነው የምንሰካው፣ አለያም ቻርጀሩ ኮፒ ነው። ያ ኤሌክትሪክ ላፕቶፑን አልፎ ታብሌቱን ይረብሸዋል። ላፕቶፑ ቆርቆሮ ከሆነ እጃችሁን ነዘር ነዘር ሲያደርጋችሁ የምትሰሙትም እሱ ነው። ግራውንድ ያለው ሶኬትና ደህና ቻርጀር ያድናል። እስከዚያው ጥሩ መስመር የሚፈልገውን ክፍል በባትሪ ሥሩ።

መብራት

ላፕቶፕ ከነባትሪው ከዴስክቶፕ የሚሻለው እዚህ ላይ ነው፦ ዩፒኤሱን (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጠውን ባትሪ) ይዞ ነው የተወለደው። ስለዚህ የላፕቶፑ ባትሪ መሞት «ሁሌ ሰክቼ ነው የምሠራው» እየተባለ አይናቅ፤ ቢያንስ ሴቭ ለማድረግና በሥርዓት ለመዝጋት የሚበቃ ባትሪ ይኑረው። ዴስክቶፕ ያላችሁ ዩፒኤስ ግድ ነው። ዩፒኤሱ ግን ሥዕሉን እንድትጨርሱበት አይደለም፣ ሴቭ አድርጋችሁ እንድትዘጉበት ነው።

ደህና የላፕቶፕ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል የኃይል ማነስ ብዙም አይጎዳውም። የሚገድለው ሲመጣ ነው። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ሲመለስም እልል ብላችሁ ወዲያው አትሰኩ፣ ጥቂት ደቂቃ ይርጋ። ዲቫይደር ብቻውን መከላከያ አይደለም፣ ቀይ መብራት ስላለው አያታላችሁ። ኃይሉ በጣም የሚዋዥቅበት ሰፈር ከሆናችሁ ስታብላይዘር ያስፈልጋል።

ስክሪን ያለው ታብሌት የምትመኙ ሁሉ ይህንን አስቡ። ብዙዎቹ የራሳቸው ኃይል ይፈልጋሉ፤ መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በርቶ እናንተ የምትስሉበት ይጠፋል። ስክሪን የሌላት ታብሌት ግን በዩኤስቢ ከላፕቶፑ ኃይል እየወሰደች ትቀጥላለች። እጅ ወዲህ፣ ዓይን ወዲያ መሆኑ መጀመሪያ ያስጠላል፣ ግን ይለመዳል፤ አንገትም አያጎብጥም። እኔ ብጠየቅ እዚህ አገር ለጀማሪ የምመክረው እሷን ነው።

አንድ ሌላ ነገር፦ በባትሪ ሲሆን ዊንዶውስ ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ብሩሹ ከበደኝ ብላችሁ እንዳትደነግጡ፣ የፓወር ሴቲንጉን ከፍ ማድረግ ይቻላል። በምትኩ የስክሪኑን ብርሃንና ዋይፋዩን ቀንሱ።

ፋይሉን አትመኑት

ኮንትሮል ኤስ እጃችሁ ሳታስቡት የሚያደርገው ነገር ይሁን። ግን በአንድ ፋይል ላይ ብቻ ሴቭ ማድረግም አደጋ አለው፤ ሴቭ እያደረገ መብራት ቢሄድ ወይም ስታክ ቢያደርግ ፋይሉ ራሱ ሊበላሽ ይችላል። ክሪታ ላይ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤስ ስትጫኑ ቁጥር እየጨመረ አዲስ ፋይል ያስቀምጣል። በየምዕራፉ፣ ማለት መስመሩ ሲያልቅ፣ ቀለሙ ሲያልቅ፣ እንዲህ አድርጉ። አውቶሴቩንም ወደ ጥቂት ደቂቃ አውርዱት። ፎቶሾፕ ካልነካችሁት በየ10 ደቂቃው ነው የሚያስቀምጠው፤ 10 ደቂቃ ውስጥ ስንት ነገር ይሳላል!

አሰያየሙ ላይ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በዚህ ቅደም ተከተል ጻፉ፣ ፋይሎቹ ራሳቸው ይሰለፋሉ። የኢትዮጵያን ወይም የፈረንጁን አቆጣጠር አንዱን ምረጡና ጽኑ። ሁለቱን የቀላቀለ ፎልደር ውስጥ የትኛው እንደሚቀድም ለመረዳት ጳጉሜን ጭምር መቁጠር ይመጣል።

ከኮምፒውተሩ ውጭ ቢያንስ ሌላ አንድ ቦታ ይኑር። ተነቃይ ሃርድ ዲስክ ካላችሁ መልካም። ከሌላችሁ ቴሌግራም አለ፤ ለራሳችሁ የምትልኩበት ሴቭድ ሜሴጅ ላይ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ አንድ ፋይል በነፃ ይቀበላል። ግን በፋይል መልክ ላኩት፣ በፎቶ መልክ ከላካችሁት ጨምቆ ያበላሸዋል። ጎግል ድራይቭም በነፃ 15 ጊጋ ይሰጣል። ዋናውን ባለ ሌየሩን ፋይል የምትጭኑት ሥራው ሲያልቅ ብቻ ቢሆን ለኢንተርኔቱም ይቀላል።

ፍላሽ ግን! ፕሪንት ቤት የገባ ፍላሽ ምን ይዞ እንደሚመለስ የማያውቅ የለም። ፎልደሮቻችሁን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን ቫይረስ ታስታውሳላችሁ። ለማተሚያ አንዲት የተለየች ትንሽ ፍላሽ ይኑራችሁ፣ ውስጧ የሚታተመው ፋይል ብቻ ይሁን፣ ስትመለስ ሳትከፍቷት ስካን አድርጓት ወይም ፎርማት። ጽሑፍ ያለበት ፖስተር ከሆነ ፊደሉን ወደ ቅርጽ ቀይራችሁ ስጡ። በተለይ በድሮዎቹ ዩኒኮድ ያልሆኑ የአማርኛ ፎንቶች የጻፋችሁት ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆናል።

ስለ ክራክም (ሳይከፈልበት ቁልፉ ተሰብሮ ስለሚጫን ፕሮግራም) ልበል። ከየትም የወረደ የተሰበረ ፎቶሾፕ መክፈቻው አንቲቫይረሱን አጥፉ ይላችኋል። ደንበኛ የከፈለበት ሥራ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ይህን ማድረግ ዕብደት ነው። ለፎቶሾፕ መክፈል ዓለም አቀፍ ካርድ ከሌላችሁ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ክሪታ ነፃ ነው፣ ለመሳል ተብሎ የተሠራም ነው፣ የፒኤስዲ ፋይልም ይከፍታል።

ቀለም

የብዙ ቢሮ ላፕቶፕ ስክሪን ቀለም ያደበዝዛል። እናንተም ሳይታወቃችሁ ታካክሳላችሁ። ቀሚስ ላይ ጥለት ስትስሉ ቀዩ እናንተ ጋ ልከኛ ይመስላል፣ ደንበኛው ስልክ ላይ ግን ዓይን ያቃጥላል። መድኃኒቱ፦ ናይት ላይት የሚባለውን ቢጫ ብርሃን ስትቀቡ አጥፉ፣ ሥዕሉን ከማስረከባችሁ በፊት ሁለት የተለያዩ ስልኮች ላይ እዩት። ራሳችሁን ከፍ ዝቅ ስታደርጉ ቀለሙ የሚለዋወጥ ስክሪን ከሆነ ሁሌ በአንድ ማዕዘን አቁማችሁ ሥሩ። ለኅትመት ከሆነ ደማቅ አረንጓዴና ሰማያዊ ወረቀት ላይ እንደሚደክም አስቀድሞ ለደንበኛው መንገር ነው። ትንሽ ናሙና አሳትሙ፤ ከጭቅጭቅ ይሻላል።

ኮምፒውተሩ የቤተሰብ ከሆነ

ታናሽ ወንድም ጌም ይጭናል፣ እህት አሳይመንት ትጽፋለች፣ አባባ ደግሞ ፎቶ ከስልካቸው አውጡልኝ ይላሉ። መከልከል አይቻልም። ለእነሱ የተለየ የዊንዶውስ አካውንት ክፈቱላቸው፣ አድሚን እንዳይሆን አድርጉት፣ የእናንተ ላይ ፓስወርድ ይኑር። ፔኑን ደግሞ ቆልፉበት። ይሄን ያህል።

ጥገና ስትወስዱት የመጀመሪያው ምክር ብዙ ጊዜ «ፎርማት ይደረግ» ነው። ይደረግ፣ ግን በፊት ብሩሾቻችሁን፣ ሾርትከቶቻችሁንና የታብሌቱን ቅንብር አውጥታችሁ አስቀምጡ። የዋኮም ድራይቨር ቅንብሩን ወደ ፋይል ማውጣት ይችላል። የብሩሽ ስብስብ በአመታት የሚጠራቀም ነገር ነው፣ «ዶክመንቱን ገልብጬዋለሁ» ያላችሁ ሰው ብሩሹ የት ፎልደር እንዳለ አያውቅም። ዊንዶውስ 10 ደግሞ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2025 መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11ን የማይቀበል አሮጌ ላፕቶፕ ካላችሁ ሊነክስን (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ሥርዓት ነው) መሞከር ይቻላል። ክሪታ እዚያም ይሠራል፣ አብዛኛው የዋኮም ታብሌትም እንደተሰካ ይታወቃል። ፎቶሾፕ ግን የለም፣ ይህን አውቃችሁ ግቡ።

መግዛት ግድ ሲሆን

ኤስኤስዲ ገብቶለት፣ ራሙ የሚችለውን ያህል ሞልቶ፣ አቧራው ጸድቶ፣ ካንቫሱ በልኩ ሆኖ፣ አሁንም ካልቻለ እንግዲህ ግዙ።

ለባለ ሁለት ገጽታ (2D) ስዕል ቅድሚያ የሚሰጠው ራምና ፕሮሰሰር ነው፣ ከዚያ ስክሪን። 16 ጊጋ ራም ካገኛችሁ ብዙ ትሄዳላችሁ። ጌሚንግ ላፕቶፕ ካላስፈለገ ይቅር፤ ይሞቃል፣ ይከብዳል፣ ባትሪው ቶሎ ይሞታል፣ የከፈላችሁበትንም የግራፊክስ ካርድ ክሪታ ያን ያህል አያሠራውም። «ስላይትሊ ዩዝድ» ሲሏችሁ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ መሆን አለመሆኑን ጠይቁ። የተበየደ ከሆነ መጨመር ላይቻል ይችላል፣ ዛሬ የገዛችሁት እስከ መጨረሻው ነው።

ሱቅ ስትሄዱ ታብሌታችሁንና ከሥራዎቻችሁ በጣም ከባዱን ፋይል ይዛችሁ ሂዱ፤ ክሪታ መጫኛውንም ጭምር። ባትሪውን በመቶኛ እያያችሁ ቻርጀሩ ተነቅሎ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳሉበት። ነጭና ጥቁር ስክሪን ሙሉ አድርጋችሁ የሞተ ፒክስል ፈልጉ። ከጎን ሆናችሁ እዩት፣ ቀለሙ ይገለበጣል? ሻጩ ፊቱን ቢያጨማድድ ግድ የለም። ፋይሉን ከኮምፒውተሩ ማጥፋት አትርሱ።

የድሮውን ወዲያው አትሽጡት። አዲሱ ላይ አንድ ሙሉ ሥራ ጀምራችሁ እስክታስረክቡ ይቆይ፣ ሁሌ የተረሳ ብሩሽ ወይም ፎንት አይጠፋም። ስትሸጡት ደግሞ ዲስኩን አውጥታችሁ አስቀሩት። ዲሊት የተደረገ ፋይል መልሶ ሊወጣ ይችላል፣ የደንበኞቻችሁ ያልወጣ ሥራ ደግሞ እዚያ ውስጥ አለ። ገዢው «ያለ ዲስክ ነው?» ብሎ ዋጋ ቢቀንስ ይቀንስ፤ ዲስኩን የዩኤስቢ ኬዝ ገዝታችሁ አስገቡትና የፋይላችሁ ሁለተኛ ማስቀመጫ ይሁን።